የአረፋው በግ አጎዛ

መካነ ሰላም፣ ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

አያ ሙሐሲን፣

እንዴት ሰነበትህ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ስለለመደብኝ ነው እንጂ ደህና አይደለሁም። ከወረኢሉ ከመነሳትህ በፊት በሰፈራችን ሱቅ ስልክ ደውለህ የጠየቅኸኝን ሳልመልስልህ ቀረሁ። «ቆዳውን ቤት አምጥቼ ጓሮ ብሠራው ትምህርት ቤት ታፍርብኛለህ ወይ?» ነበር ያልኸኝ። ባለሱቁ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር «ኔትወርክ የለም» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርክ ነበር።

መልሱ፣ አዎ፣ አፍራለሁ ነው። ግን ካንተ በኋላ ከዚያ የባሰ የሚያሳፍር ነገር ሠርተናልና እሱንም ስማኝ።

ከአቀስታ ወዲህ መኪናው ከተገለበጠበት ጥምዝ ያነሱህ ሰዎች ዕቃህንም አብረው አመጡልን። አንተ ከፊት ነበርህ፣ ጨው የተነሰነሰባቸው ቆዳዎች ተጠቅልለው ከኋላ። አባዬ መጀመሪያ ያየው ጥቅሎቹን ነው። «ይኼን ከበረቱ ጥግ አግባው፣ ሰው ሳያይ» አለኝ። ሴቶቹ ጮኸው ለቅሶው ሲጀመር እኔ በረት ውስጥ ጭድ እያለበስሁ ቆዳ እደብቅ ነበር። ወንድሙ ሲሞት ሳያለቅስ የቀረ ልጅ ብለው እንዳያሙኝ ሮጬ ስወጣ እጄ ጨው ጨው ይል ነበር፤ ዓይኔን የጠረግሁትም በዚያው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ዕንባው አላቆመም። ሰው «እንዴት ይወደው ነበር!» አለ።

በድንኳኑ ውስጥ የቅሬያችን፣ የዕድራችን ዳኛ ጋሼ አበጋዝ «ለመሆኑ ልጁ ወረኢሉ ምን ሊሠራ ሄዶ ኖሯል?» ብሎ ጠየቀ። አባዬ እኔን አየኝ። «ለትምህርቱ ነው ጋሼ፣ የመንገድ ጥናት» አልሁ። አንተ የምትማረው ማኔጅመንት ነው፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጋሼ አበጋዝ ራሱን ነቅንቆ «አይ መንገድ! አጥኚውን ይብላ?» አለ። ድንኳኑ በሙሉ ከንፈር መጠጠ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ያንተን ሞት የሚያወራው እኔ እንደነገርሁት ነው።

አስናቀውም ከደሴ መጥቶ ነበር። የዶርም ጓደኛህና የሥራ ሸሪክህ እሱ መሆኑን ያወቅሁት ሳይነግረኝ፣ ጥፍሩ ውስጥ በገባው ቡናማ ቀለም ነው። ከሰው መሃል ተቀምጦ «ሙሐሲን እኮ ሥራውን…» ብሎ ሲጀምር እጁን ይዤ ምሳ ላቅርብልህ እያልሁ ወደ ውጭ አወጣሁት። «አባቴ አያውቅም፣ እባክህ ዝም በል» አልሁት። «አባትህ ያውቃል» አለኝ። «እጄን ሲያየው አይቼዋለሁ።» ምሳውን ሳይበላ ሄደ።

ይህን ሁሉ ትሰማኝ ይሆናል፤ አሁን ግን የምጠይቅህ ነገር አለ። ትናንት ከጅዳ ደብዳቤ መጣ፣ ከእህታችን ከእትዬ ኡምኩልሱም፣ ላንተ። አልነገርናትም። አባዬ «በሰው ቤት፣ በሰው አገር ማን ይይዛታል?» ይላል፤ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ደብዳቤውን አንብብልኝ ሲለኝ አነበብሁለት። ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል። «ላድስ ወይስ ልምጣ? ሥራው ለሁለታችን ይበቃል፣ ነይ ያልኸኝ አሁንም እንደጸና ነው ወይ? ለምን እንደጀመርኸውስ ለአባዬ ነግረኸዋል?» ትላለች።

«በሙሐሲን ስም መልስላት» አለ አባዬ። «አድሺ በላት።»

«ሥራው ምንድን ነው ልበላት?»

«ንጹሕ ነገር በል። ወረቀት፣ ደብተር።»

አያ ሙሐሲን፣ ለምን ጀመርኸው? ዩኒቨርሲቲ ገብተህ፣ በካፌ እየበላህ፣ አባዬ በየለቅሶው «ልጄ ምሩቅ ሊሆን ነው» እያለ፣ ምን ጎድሎህ ነው ቆዳ የፋቅኸው? አላውቅም። ስለማላውቅም ነገ ባንተ እጅ የምጽፈውን ከየት እንደማመጣው አላህ ይወቅ።

ወንድምህ ሁዜይፋ

ደሴ፣ ጥር 21 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለኡምኩልሱም አሕመድኑር፣

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ። ትምህርቴም በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። አባዬም ሁዜይፋም ደህና ናቸው።

ስለ ሥራው ለጠየቅሽኝ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ንግድ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶና ፎቶ ኮፒ ነው። ለምን እንደጀመርሁት ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ተመርቆ ሥራ ማግኘት ስላስቸገረ ነው። ወጣቱ ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ መሆን አለበት። ይህም ለራስም ለሀገርም ዕድገት ይጠቅማል። ንግዱ ግን ገና ጀማሪ ስለሆነ ለጊዜው ለሁለት አይበቃም። ስለዚህ ኮንትራቱን አድሺው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢንሻአላህ እንነጋገራለን።

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው።

ወንድምሽ ሙሐሲን

ጅዳ፣ የካቲት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለሙሓዬ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤህ ለኡምራ በመጣ ሰው እጅ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፣ አንዴ ስቄ፣ አንዴ ሳልስቅ። መቼ ነው ፖስተር የሆንኸው? ወላሂ ቀበሌ የጻፈልኝ ነው የመሰለኝ። እኔ ላድስ ወይስ ልምጣ እልሃለሁ፣ አንተ ስለ ሀገር ዕድገት ትነግረኛለህ! «ኡሙ» ማለቱን ትተህ እስከ አባቴ ድረስ ስሜን ጻፍኸው። ቅር ያሰኘሁህ ነገር አለ?

ደግሞ ደብተርና እስክሪብቶ! አንተ? ሳምንት ሳይሞላ እስክሪብቶ የሚጠፋብህ ልጅ? ቆዳውን የት አደረስኸው? አባዬ ደርሶበት ከልክሎህ ከሆነ ለእኔ እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ ከእኔ ምን ትደብቃለህ።

«ለምን እንደጀመርሁት ታውቂያለሽ» ብለህ ሌላ ነገር ትነግረኛለህ። እንዴት አላውቅም! አምና በአረፋ ደውለህ የት ነው የምትተኚው ስትለኝ ወጥ ቤት ብዬ አመለጠኝ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ጎኔን ይወጋኛል አልሁህ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስል «የዛሬው በግ ቆዳ አልተጣለም» አልኸኝ። ሌላ ምንም አላልህም። በወሩ የወግዲዋ ሀያት ወደዚህ ስትመጣ አጎዛውን አመጣችልኝ። ሀያት የአየር ማረፊያው ፈታሽ እያገላበጠ እንዴት እንዳሸተተው ዓርብ ዓርብ ክፍሏ ስንገናኝ እስከ ዛሬ እያወራች ታስቀናለች፤ «በግ ይዤ የገባሁ መሰለው» ትላለች። ዛሬም የምተኛው እሱ ላይ ነው። ማዳም መጀመሪያ ጮኸችብኝ፣ አሁን ትንሹ ልጇ እየመጣ ይጋደምበታል።

የደሴው ሹፌር በሀያት እጅ ሲያየው «ለወንበሬ እንዲህ ያለ ማን ይሠራልኛል?» ብሎ እንደያዛት፣ እሷም ያንተን ስልክ እንደሰጠችው ራስህ አይደለህ እየሳቅህ የነገርኸኝ? «የኔ ካፒታል ያንቺ ጎን ነው» ያልኸኝስ? ያን ጊዜ ያልኸው ሌላም ነገር አለ፣ አልረሳውም። «አንቺ የሰው ሽንት ቤት ታጥቢያለሽ፣ መካነ ሰላም ላይ ግን አንድም ሰው አፍንጫውን አይዝም። ባሕር በመሃል ስላለ አይሸታቸውም። እኔ እዚሁ አምጥቼ አስሸትታቸዋለሁ። አንቺ ጠርዙን ትሰፊያለሽ፣ እኔ እፍቃለሁ።» ይህን ያለ ሰው ነው ዛሬ ሁለት ዓመት ጨምሪ የሚለኝ?

ማዳም ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ፈርሚ ብላኛለች። አንተ አድሺ ካልኸኝ አድሳለሁ ሙሓዬ፤ እማዬ ከሞተች ጀምሮ የምንኖረው አንዳችን ባንዳችን ቃል ነው። ግን አጎዛውን ረስተህ አድሺ አትበለኝ። ታመሃል ወይ? እውነቱን ንገረኝ።

ሁዜስ? ስለ እሱ ደህና ነው ብቻ ትላለህ። አድጎ ይሆናል። ትምህርቱን እንዳያቋርጥ፤ ጉንጩን ሳምልኝ፣ አይወድም፣ ቢሆንም ሳመው።

እህትህ ኡሙ

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

አያ ሙሐሲን፣

ደብዳቤዋ ዛሬ ደረሰ። ለአባዬ አነበብሁለት። ጉንጩን ሳምልኝ ያለችውን ዘለልሁት።

ስለ አጎዛው ስደርስ አባዬ እጁን አነሳና «ቆይ» አለኝ። ደግሜ አነበብሁለት። ያ የአረፋው በግ ቆዳ ጓሮ ተወጥሮ ሲደርቅ «መስገጃ ይሁንህ ብዬ ነው አባዬ» ብለኸው ስንት ቀን መርቆህ ነበር። ከዚያ አጎዛው ጠፋ፤ እሱም ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ ጠየቀ። «ውሻ ወሰደው ብሎኝ ነበር» አለ አባዬ። የጎረቤታችንን ውሻ አንድ ወር ሙሉ በድንጋይ ሲያሳድደው እኔም አስታውሳለሁ። ልስቅ አልሁና እሱን ሳየው ተውሁት።

ከዚያ «ታሟል ብለህ ጻፍ» አለኝ። «በሚቀጥለው ደግሞ ባሰበት በላት። መርዶ እንዲህ እያለማመዱ ነው የሚነገር።»

«እስከዚያ ትፈርማለች አባዬ።»

«ትፈርም። ብትመጣ ምን አለን? እዚህ መጥታ የማን እህት ልትባል ነው? የፋቂው?»

«ሙሐሲን እኮ ነይ ብሏት ነበር።»

«ሙሐሲን የታለ?» አለ። ጮኸ እንጂ አልተቆጣም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በልጄ አፍሬ አይምሰልህ። ሞቶም ሰው እንዳይስቅበት ነው» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። በሱቁ ስልክ የዘጋሁብህ ለምን እንደሆነ ብጠየቅ እኔም እንደ እሱ ነበር የምለው። አንተን ከሰው ሳቅ ላድንህ ብዬ ነው እል ነበር። ግን ማንም አልሳቀም ነበር። ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ ነበር።

አክስታችን ፈንታዬ ከለቅሶህ ጀምሮ አብራን ከርማ ትናንት ወደ ወግዲ ተመለሰች። አባዬ ደግሞ አቀስታ የሞተ ዘመድ አለ፣ ነገ ጎሕ ሳይቀድ ይሄዳል፣ እዚያው ያድራል። ሲመለስ ከበረቱ ኋላ ጉድጓድ ቆፍረን ቆዳዎቹን እንቀብራለን ብሏል። አስናቀው በሰው ልኮ «ጨዋቸው እንዳለ ነው ወይ? ብርድ ስለሆነ ገና አይበላሹም፣ ግን ክረምት ሳይመጣ ይታጠቡ» ብሎኛል። ያዘዙት ሹፌሮች ይጠይቁታል፤ እሱም የኔን መልስ ይጠብቃል።

ላንተ ይህ የመጨረሻው ደብዳቤዬ ነው። ካሁን በኋላ ለእትዬ፣ ለምትመልስልኝ ነው የምጽፈው።

ሁዜይፋ

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለሀያት፣

የማታውቂው ሰው ስለጻፈልሽ ይቅርታ። የኡምኩልሱም ታናሽ ወንድም ነኝ። ከዚህ ጋር ያለውን ደብዳቤ ብቻዋን እያለች አትስጫት። ዓርብ ክፍልሽ ስትመጣ የአገር ልጆችን ሰብስቢ፣ ትልቅ ሴት ካለች ከጎኗ ትቀመጥ። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ፤ ያለ ሽማግሌ፣ በወረቀት ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በኔ ይሁን። አንቺ አንብቢላት። እስክታበቃ እጇን ያዢልኝ።

ለእትዬ ኡምኩልሱም፣

ይህን የምጽፈው ሁዜይፋ ነኝ። ከጥር ጀምሮ የደረሰሽንም የጻፍሁት እኔ ነኝ።

አያ ሙሐሲን ሞቷል። ጥር ላይ ከወረኢሉ ወደ ቤት ሲመጣ መኪናው ተገለበጠ፣ አጀሉ፣ የተጻፈለት ቀን፣ ደረሰ። ቀብሩ እዚህ ነው፣ ከእማዬ ጎን። ብዙ ሰው ወጥቶ ቀብሮታል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ሳትጠይቂኝ አትቀሪም፤ በአካል ስንገናኝ እነግርሻለሁ፣ በወረቀት አልችልም።

«አድሺ» ያለሽ ሙሐሲን አይደለም። እሱ እስከ መጨረሻው ቃሉ «ነይ» ነበር። አባዬ አዘዘኝ፣ እኔ ጻፍሁ። አባዬን አትቆጪው፣ ሰው አገር እንዳትወድቂ ፈርቶ ነው። የኔ ግን ፍርሃት እንኳ አልነበረም። ስሙን በራሴ እጅ ከሥሩ ጻፍሁ። ማዳምሽ ጠረጴዛ ላይ ያለው ወረቀት በኔ ውሸት እንዳይፈረም ብዬ ነው የማይነገረውን እንዲህ የነገርሁሽ። ሥራው ለሁለት ይበቃል ወይ ላልሽው ግን ይበቃል ብዬ ሌላ ውሸት አልጨምርም። አላውቅም። አስናቀው ደሴ ላይ እየሠራ ነው፣ ጠርዝ የሚሰፋ ሰው ግን የለንም ይላል። ፈርሚም፣ ነይም አልልሽም፤ የምትወስኚው ግን እውነቱን ይዘሽ ይሁን።

ስለ ሞቱ ከመካነ ሰላም ሰው ካገኘሽ የመንገድ ጥናት ላይ እያለ ነው ይሉሻል። እሱንም ያልሁት እኔ ነኝ። ሲመጣ የነበረው ቆዳ ይዞ ነው። ለአባዬ ሊነግረው፣ ጓሯችን ላይ ሊሠራ፣ ያንቺን ቦታ ሊያዘጋጅ ነበር።

ሥራውን ለምን እንደጀመረው የማታውቀው ይህች ቤት ብቻ ነበረች እትዬ። ባንቺ ደብዳቤ ነው ያወቅነው። እኛ ትምህርት ቤት የወረዳ ሰዎች እየመጡ ሥራ ፍጠሩ ሲሉን ዓላማችሁን ጻፉ ይሉን ነበር፤ እኔ «ሀብታም ለመሆን» ብዬ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። እህቴ ወለል ላይ ስለምትተኛ ብሎ የጻፈ ከክፍላችን አልነበረም።

አሁን፣ ዛሬ አባዬ አቀስታ ለቅሶ ሄዶ ሳይመለስ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

ስነቃ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ተወልጄ እንዲህ ያለ ጠዋት አልነበረኝም፤ ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ እሱ ነው፣ ወይ አባዬ ሲያስል ነው። ጎረቤት ሳይነሳ ላድርገው ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን እንደገና መደበቅ መሰለኝና ፀሐይ እስክትወጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ዩኒፎርሜን ሳልለብስ ጥቅሎቹን ከጭዱ ሥር አወጣሁ። አይጥ ዳር ዳሩን በልቶታል፣ ሌላው ደህና ነው። ባንድ ጊዜ አልሆንልኝ ስላለ አንዱን ተሸክሜ በትልቁ መንገድ አልፌ ከትምህርት ቤቱ በታች ወንዙ ዳር አስቀመጥሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ሌላውን። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ሰዓት ነበር።

ፈንታው የሚባል የክፍሌ ልጅ ድልድዩ ላይ ቆመና «ሁዜ! ምንድን ነው የምታጥበው? ጋቢ ነው?» አለኝ። ቀና ብዬ «ቆዳ ነው» አልሁት። «የምን ቆዳ?» «ወንድሜ ሲመጣ የያዘው።» አፍንጫውን ሊይዝ እጁን አንስቶ ነበር፤ መሃል ላይ አወረደው። ደወል ሲደወል ሮጠ። ክፍል ገብቶ ምን እንዳለ አላውቅም፤ በኋላ እሰማዋለሁ።

ውሃው እጅ ይቆርጣል። ጨዉ እየለቀቀ ሲሄድ ፀጉሩ ነጭ ሆነ፣ እኔም ይሄ ለሹፌር፣ ይሄ ለእትዬ እያልሁ እለይ ነበር። እንዴት እንደሚፋቅ አላውቅም፤ አስናቀው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል። ማጠብ ግን እውቀት አይጠይቅም።

ከዚያ ጋሼ አበጋዝ አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ ሲወርድ አየኝ። አህያዋን አቆማትና ቁልቁል ቆዳዎቹን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ቆዳዎቹን ተመለከተ።

«ይኼ ነው የመንገድ ጥናቱ?» አለኝ።

ፊቴ ነደደ። እጄ ውሃ ውስጥ ስለነበር የት እንደማደርገው አላጣሁም፤ እዚያው ተውሁት።

«አይ ጋሼ። ሙሐሲን ቆዳ ይሠራ ነበር። ራሱ እየፋቀ፣ ለሹፌር ወንበር አጎዛ ያወጣ ነበር። በለቅሶው የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።»

አህያዋ ሣሩን መንጨት ጀመረች። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፣ ይሰድበኛል ብዬም ጠበቅሁ፤ ለቅሬው ሁሉ ይነግረዋል ብዬም አሰብሁ።

«እዚህ ከብት ይጠጣል» አለ በመጨረሻ፣ በበትሩ እያመለከተ። «ከታች፣ ከድንጋዩ ወዲያ እጠበው።»

ቆዳዎቹን አንድ በአንድ ይዤ ወደ ታች ወረድሁ።

ወንድምሽ ሁዜይፋ